የትሎቹና የጋሽ ማርቆስ እንቅልፍ

በእኛ አገር ጤነኛ ሰው ቀን ቢተኛ ቢበዛ ሰነፍ ይባላል። ታሞ የተኛ እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ! በተለይ ወባ ከያዘው፣ ቀን ከተኛ ይጸናበታል ተብሎ ጠያቂ በፈረቃ ከቦ ያጫውተዋል፤ ማጫወት ከተባለ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። ታሞ የተኛ ግን ይሰማል፤ መከራውም እዚያ ላይ ነው።

ያኔ ቴፒ ካምፓስ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የሸኮው ሰው ጋሽ ማርቆስ የቤተ ሙከራችን ረዳት ናቸው፤ ከበሰበሰ የቡና ገለፈት ውስጥ ድቡልቡል ትል አብረን እያወጣን እናረባለን። ትል ስል ፊታችሁን አታኮሳትሩ፤ ርዝመቱ አንዲት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። እንቅልፍ ግን ያውቃል። ሙቀት ሲጎዳው ነርቩ ኒውሮፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች ይረጫል። መልእክታቸው አጭር ነው፤ መብላት ተው፣ መሄድ ተው፣ ተኛ። ይህ መልእክት የማይደርሰው ትል ከጉዳቱ የመትረፍ ዕድሉ ያነሰ ነው። እኔ ይህን በቃሌ ነው የማስተምረው።

አንድ ቀን ትሎቹን አሙቄ አስተኛኋቸው። መተኛታቸውን የምናረጋግጠው ስንጥር ጫፍ ላይ በተጣበቀ የዐይን ሽፋሽፍት ጎንተል አድርገን ነው፤ የተኛ ይነቃል፣ የሞተ አይነቃም። ተማሪዎቼ ተሰልፈው ሁሉም ጎነተለ፤ አንዳንዱም ደገመ። በማግስቱ አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ። ሙቀቱ ይሁን ጉንተላው ዛሬም አላውቅም። ጋሽ ማርቆስ የትሎቹን ሳህን እያጠቡ፣ ምናለ ትንሽ ብትተዋቸው ኖሮ አሉኝ። ሳቅሁ።

በሳምንቱ እሳቸውን ወባ ጣላቸው። መድኃኒት ተሰጥቷቸው ቤታቸው ተኝተዋል ተባለና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል። መምህር ነው ተብሎ ትራስጌው አጠገብ ያለው ወንበር ተለቀቀልኝ። ክብር ከነግዴታው ነውና፣ ዐይናቸው በተከደነ ቁጥር ትከሻቸውን የምነቀንቀው እኔ ሆንኩ። ጋሼ፣ ይጫወቱ እንጂ እላለሁ። ዐይናቸውን በግድ ገልጠው ያዩኛል፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። ሦስት ጊዜ ቀሰቀስኳቸው። ትምህርቴ በዚያ ሰዓት የት ነበር? አውቆ ተኝቶ።

ባለቤታቸው እማማ አስቴር የትሎቹን ነገር ከባላቸው ሰምተዋል። መምህር፣ እነዚያ የቀሰቀሳችኋቸው ትሎች ምን ሆኑ ሲሉ ጠየቁኝ። አብዛኞቹ ሞቱ አልኳቸው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያው አልጋ ላይ በወባ መሞቱን ነገሩኝ። እሱንም እንዳይተኛ ሲወዘውዙት ነበር የዋሉት። እማዬ፣ ተዪኝ ልተኛ እያለ ሲለምናቸው አልተዉትም።

እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት? አሉ። እንባዬ መጣ። የገደለው ወባው ነው፣ እርስዎ አይደሉም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ እንቅልፍ ብቻውን ወባ አያድንም። ግን ልጁ የለመነው እንቅልፍ ነበር፤ እኔም አሁን አባቱን እየነፈግኩ ነው።

ተነሳሁና፣ እንውጣላቸው አልኩ። ጠያቂዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ። እማማ አስቴር በሩን ዘግተው፣ መድኃኒቱ ሰዓት ሲደርስ ብቻ ይቀሰቅሷቸው ጀመር። ጋሽ ማርቆስ ሁለት ቀን ሙሉ ተኙ። ልቤ ተንጠልጥሎ ሰነበተ፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ጠያቂውን የበተንኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ነቅተው፣ ጎደሬ የለም ወይ አሉ ተባለ። ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሥራ ከተመለሱ በኋላ ትሎቹን እንደገና አሙቄ አስተኛሁ። ስንጥሬን ይዤ፣ ተማሪዎቼን አስከትዬ ስደርስ ጋሽ ማርቆስ ወንበራቸውን ሳህኑ ፊት አድርገው ተቀምጠዋል። በትሕትና ብድግ ብለው ስንጥሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሽተኞቹ ገና ተኝተዋልና ጠያቂ ወደ ቤቱ ይመለስ አሉን።