ፍሪጅ ለብሶ የሮጠው ክላይቭ

በዚያች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ በጎነት እንደ ዘበት አይበተንም። ለታመመ ሕፃን ዝም ብሎ ከኪስ አውጥቶ መስጠት የባለጌ ሥራ ነው፤ በቅድሚያ አንድ ጤነኛ ሰው በሕዝብ ፊት መሰቃየት አለበት። ይህ ከአባት ከአያት የወረደ ጥበብ ስለሆነ የሚጠይቀው የለም።

የፍሳሽ ማስወገጃ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነው ክላይቭ ኤንትዊስልም አልጠየቀም። የእህቱ ልጅ ታምሲን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የምትውልበት የሕፃናት መርጃ ማኅበር አውቶቡስ ወንበር ማንሻው ከተሰበረ ወዲህ ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ሌላ አውቶቡስ ካልተገዛ ይሄንንም በጋ መስኮት ላይ ተለጥፈው መዋላቸው ነው። ክላይቭ አንጀቱ አልችል አለው፤ ከቢሮ እስከ ሻይ ክፍል ሲሄድ የሚያለከልክ ሰውዬ ማራቶን ሮጬ ገንዘቡን አሰባስባለሁ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ተቀበለው። ማን ስንት ፓውንድ እንደሚሰጥ ቃል የሚገባበት ቅጽ ዞረ። ኃላፊዋ ወይዘሮ አክሮይድ አነበቡትና ብዕራቸውን መልሰው ከደኑ።

"መሮጥ ብቻ ነው?"

"ሃያ ስድስት ማይል ነው እኮ፣ ወይዘሮ አክሮይድ።"

"አምና የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬም ሮጧል። እየሳቀ ነው የጨረሰው። ሰው ሲስቅ አይቶ ማን ገንዘቡን ያወጣል? ይልቅ ምን ለብሰህ ነው የምትሮጠው?"

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሦስት ስብሰባና ከሁለት ኬክ በኋላ ክላይቭ ፍሪጅ ለብሶ እንዲሮጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ የእሱ ድምፅ ስላልተጠየቀ ሙሉነቱ አልጎደለም። ከካርቶን ይሠራ ቢባል አንድ የሕግ ክፍል ሰው ይሄ ሕዝብን ማታለል ነው ብለው ተቆጡ። ስለዚህ የእውነት የፍሪጅ በር ጀርባው ላይ ታሰረለት። ቃል የተገባው ገንዘብ በዚያው ቀን እጥፍ ሆነ። እግዜር ይስጣቸው፣ ደጎች ናቸው።

በሩጫው ቀን ክላይቭ እስከ አሥራ ስምንተኛው ማይል እንደ ምንም ተጎተተ። እዚያ ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ በሩን እንዳዘለ አስፋልቱ ላይ ተዘረረና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያስለቀሰው ሕመሙ አልነበረም። ቅጹ "ሩጫውን ሲጨርስ" ስለሚል አውቶቡሱ ቀረ ብሎ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ከዳር ሆነው እያዩት መሐረባቸውን አወጡ። ወይዘሮ አክሮይድ ይሄማ ከመጨረስም ይበልጣል ብለው ቅጹን እዚያው አስተካከሉት። በወሩ አውቶቡሱ ተገዛ።

በምረቃው ዕለት ክላይቭ በክራንች ቆሟል። ወይዘሮ አክሮይድ ስለ መሥዋዕትነት ሃያ ደቂቃ ተናገሩ፤ ያለ ስቃይ ልግስና እንደማይነቃ በሰፊው አብራሩ። ሲጨርሱ ታምሲን እጇን አወጣች።

"አጎቴ እስኪወድቅ ድረስ ገንዘቡ የት ነበር?"

"እኛው ጋ ነበር፣ የኔ ቆንጆ።"

"እኔ እኮ ከተወለድኩ ጀምሮ ያመኛል። በየጠዋቱ በራችሁ ላይ ሳልፍ ታዩኛላችሁ። የኔ አይቆጠርም?"

ወይዘሮ አክሮይድ ለጥያቄ መልስ የማያጡ ሴት ናቸው፤ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በፍቅር ዳበሱ።

"እንዴት አይቆጠርም፣ የኔ ልጅ። ቅጽ ስላላዞርሽ ነው እንጂ።"