ዌንደል ህሩስካ ከበቆሎው በርሜል ጋር የተዋጉት ጦርነት

«ባትሪው ነው!»

«ባይሆንስ? እኔ ሞተሩ ነው የምለው።»

«አንተ ሌሮይ ደግሞ ስለ ሞተር ታወራለህ? የገዛ መኪናህ እንኳ ካልተገፋች አትነሳም! ባትሪው ነው ብያለሁ፣ ባትሪው ነው!»

ይህ ቃል የተነገረው በዘመነ ዌንደል ነው። ዌንደል ህሩስካ፣ አንበሳ ዘምድረ ቴክሳስ፣ የመቶ መፍቻ ጌታ፣ ባለ ሁለት ማቀዝቀዣ፣ መንገድ የማይጠይቁ፣ ወረቀት የማያነቡ፣ በአደን ሰፈራችን ላይ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጎርፉ ሽንት ቤታችንን ይዞት በሄደ በሦስተኛው፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት አራት ቅዳሜ ሲቀረው፣ በቀትር፣ ሜስኪት በሚባለው የእሾህ ዛፍ መካከል ቆመው ተናገሩት።

ጠላታቸውም በሦስት እግሩ የቆመ፣ ሆዱን በቆሎ የሞላ በርሜል ነበር። ከበርሜሉ ሥር አንዲት ሣጥን አለች፤ በሣጥኗ ውስጥ ባትሪ፣ ሞተርና ሰዓት ይኖራሉ። ሰዓቷ ጧት አንድ ተኩል ስትል፣ ደግሞ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ስትል፣ ሞተሩ ዞሮ በቆሎውን ይረጫል፤ አጋዘን ሊበላ ይመጣል፤ ማማ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ይተኩሳል። ይሄ ነው እኛ አደን የምንለው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

እንግዲህ ሦስት ጧት ሙሉ ዌንደል ማማቸው ላይ ቁጭ ብለው ቢጠብቁ በርሜሉ ዝም አለ። አንዲት ፍሬ አልጣለም።

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፣ ሕገ ማማ የሚባል ሕግ አለና። ሕገ ማማም እንዲህ ይላል፦ በመክፈቻው ጧት በርሜሉ ያልረጨ ሰው ማማውን ይነጠቃል፣ ማማውም ከሁሉ የከፋ ማማ ላለው ሰው ይሰጣል፣ እሱም የዚያን ይወስዳል። ይህን ሕግ ያወጁት ማን ናቸው? ራሳቸው ዌንደል ናቸዋ! ባለፈው ዓመት የሚስታቸውን ወንድም የሌሮይን ማማ ሲመኙ ሲመኙ ከረሙና ሕግ አወጡበት፣ የሌሮይ በርሜል ሳይረጭ በቀረ ጊዜም «ከሁሉ የከፋ ማማ የኔ ነው» ብለው በሕግ ወሰዱበት። ቆንጆ ማማ ነው፤ ከወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ሜስኪት ሥር፤ ቀንዱ አሥር ጫፍ ያለው ጆሮ ቆራጣው አጋዘን ሲያልፍ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው። የከፋው ማማ ደግሞ የአማታቸው የእማማ ቨርሊን ነው። እማማ ቨርሊን የሌሮይ እናት፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት፣ ማማቸው ወደ ጎረቤት ኩሬ የዞረ ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ላም ሲያዩ የኖሩ ናቸው። ላሞቹን በስም ያውቋቸዋል።

ወእምዝ ዌንደል ለዘመቻ ተነሡ። ፊት ሌሮይ መሰላል ተሸክሞ፣ ቀጥዬ እኔ ጸሐፌ ትእዛዙ ቢራ የሞላ ማቀዝቀዣ ሣጥን እየጎተትኩ፣ ቀጥሎ ጆሮዋ የማይሰማው ውሻ ዶሊ፣ በመካከል ዌንደል የባትሪ መለኪያ ቴስተራቸውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው፣ በመጨረሻም እማማ ቨርሊን፣ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ከተው፣ ምንም ሳይዙ።

ሣጥኗን ቢከፍቷት ተርብ ቤት ሠርቶባት ኖሯል። የተርብ ጭፍራ ወጣ። ዌንደል ባርኔጣቸውን አውልቀው ግራና ቀኝ መቱ፣ ከመሰላሉም ሳይወድቁ (ወድቀው ነው እንጂ፣ ግን ዜና መዋዕል እንዲህ አይጽፍም) ወረዱ፤ ከንፈራቸው እንደ ዳቦ አበጠ፤ ተርቡም ድል ተመታ።

ከዚያ ባትሪውን ነቀሉ። አባታቸው «ባትሪ ሳይነቀል አይለካም» ብለው ስለሞቱ፣ በህሩስካ ዘር ሳይነቅል የለካ የለም። ለኩት። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት! ጥንቅቅ ያለ፣ ጤነኛ ባትሪ።

«ይዋሻል» አሉ ዌንደል ባበጠ ከንፈራቸው።

«ማን?» አለ ሌሮይ።

«ባትሪው ነዋ! ላይ ላዩን ሙሉ ነኝ ይላል፣ ውስጡ ባዶ ነው።»

«እንደ አንዳንድ ሰው በለኛ።»

አዲስ ባትሪ ከተቱ፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ አዋጅ ተነገረ፦ «በርሜሉ ገብሯል! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

አሁን ግን እውነቱን ልናገር። በሣጥኗ ክዳን ውስጥ የተለጠፈች ወረቀት አለች። «ባትሪው በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ሁሉን ይረሳል፣ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እንደገና ይሙሉት» ትላለች። አለቀ። ዌንደል ደግሞ የሚነቅሉት ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቷ ቀትሩን እኩለ ሌሊት ነው ብላ ትነሳለች፤ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆንባታል፤ የጧቱን ቁርስ ማታ አንድ ተኩል በጨለማ፣ የማታውን እራት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ትረጫለች። በርሜሉ ቀድሞም አልታመመም፤ ከወር በፊት በቆሎ ሲሞሉት፣ ያው በቀትር፣ ባትሪውን ነቅለው ለክተውት ነበር። በሽታው መድኃኒቱ ነበር። እኔም ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ሃያ ዓመት በቆሎ የረጨ ሰው ባለበት ወረቀት ማንበብ ነውር ነው።

ደግሞ አልተነገራቸውም እንዳይባል፣ በሁለተኛው ቅዳሜ እማማ ቨርሊን ከታች ሆነው፦

«ዌንደል፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈ ነገር አለ» አሉ።

«አይቻለሁ እማማ፣ ማስታወቂያ ነው።»

«ባትሪውን ነቅለኸው ምን አገኘህ?»

«እማማ፣ እርስዎ ወጥዎን ይጠብቁ፣ ይሄ የኤሌክትሪክ ነገር ነው።»

እማማ ቨርሊን እጃቸውን ኪሳቸው እንደከተቱ ወደ ወጣቸው ሄዱ።

በዚያም ቅዳሜ ባትሪ ተነቀለ፣ ተለካ፣ ጤነኛ ሆነ፣ ተለወጠ። በሦስተኛው ቅዳሜ የሽቦውን ጫፍ በሸካራ ወረቀት ፈተጉ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ሶላር ወደ ፀሐይ አዞሩ፣ ባትሪውንም ነቀሉ። በርሜሉ አጠገብ ዛፍ ላይ ያሰርናት፣ ያለፈውን ሁሉ ከነሰዓቱ የምታነሳ ካሜራም ምስክርነቷን ሰጠች፤ ማታ አንድ ተኩል ላይ አሥራ ሰባት የዱር አሳማ በበቆሎ ሠርግ ላይ ይታያል፤ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጆሮ ቆራጣው ራሱ ቆሞ ያኝካል። ዌንደል ፎቶውን አገላብጠው አይተው ሁለተኛ አዋጅ አወጁ፦ «ካሜራዋ ሰዓቷ ተበላሽቷል! ያመናት እሷን ያግባ!»

መክፈቻው ነገ ሊሆን ዓርብ ቀትር ላይ፣ አራተኛውን ባትሪ አመጡ። ነቀሉ፣ ለኩ፣ ሳሙት። እኔ አይቻለሁ፣ ባትሪ ስመዋል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም በየማማችን ነን። አንድ ተኩል ሆነ። የሌሮይ በርሜል ከወዲያ ማዶ ረጨ። የኔም ረጨ። የዌንደል ጸጥ። ከርቀት አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ እሱም ዌንደል ነበሩ፤ ያሉት አይጻፍም።

ቁርስ ላይ ሌሮይ እየጨፈረ መጣ።

«ሕግ ሕግ ነው ጃንሆይ! ራስህ ነህ ያወጅከው!»

«ባትሪው ከድቶኝ ነው! ትናንት ነቅዬ ለክቼዋለሁ እኮ!»

«አራት ባትሪ ሁሉም ከዳህ? እንግዲያ ጠረንህ ነው።»

እማማ ቨርሊን መዳፋቸውን ዘረጉ። «የማማውን ቁልፍ ወዲህ በል።»

ዌንደል ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ሰጡ። ዓመቱን ሙሉ ያንን ጆሮ ቆራጣ በሕልማቸው ሲተኩሱ ከርመዋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የሚያዩት ላም ነው።

ከቁርስ በኋላ እማማ ቨርሊን ብቻቸውን በርሜሉ ዘንድ ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ወረቀቷን አነበቡ፣ አንዲት ቁልፍ ሦስት አራት ጊዜ ተጫኑ፣ ክዳኑን ዘጉ። ሰፈር ተመልሰውም የራሳቸውን አዋጅ ነገሩ፦ «እስከ ነገ ጧት ወደዚያ በርሜል የሚጠጋ፣ አማቼም ቢሆን፣ ቂጡን ይጠብቅ!»

እሑድ ልክ ጧት አንድ ተኩል ሲሆን፣ ከወንዙ ዳር ዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፤ በቆሎው እንደ በረዶ ቅጠሉን መታው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥይት ጮኸ። ሁለተኛ አላስፈለገም።

ጆሮ ቆራጣው ከሜስኪቱ ላይ ተሰቅሎ፣ ቆዳው እየተገፈፈ፣ ላም ሲያዩ ያረፈዱት ዌንደል ማቀዝቀዣ ላይ ወጥተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ይህ ድል የኔ ነው! ባትሪው የኔ፣ በቆሎው የኔ፣ አራት ቅዳሜ የደከምኩት ፍሬ አፈራ! ከቀንዱ ግማሹ ይገባኛል!»

እነሆ እንግዲህ ዌንደል ህሩስካ፣ ተርብን ያዋረዱ፣ አራት ጤነኛ ባትሪ የማረኩ፣ አሥራ ሰባት አሳማ በየሌሊቱ ግብር ያበሉ፣ ለሰው ማማ ሕግ አውጥተው በሕጋቸው የወደቁ፣ ከአባታቸው ቃል ዝንፍ ያላሉ! ዘመናቸው እንደ በቆሎ ይብዛ፣ ክንዳቸው አይዛል፣ ቴስተራቸው አይሳሳት፣ ስማቸውም በርሜል በቆመበት ምድር ሁሉ ይነሳ!

ከማቀዝቀዣው ሲወርዱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አማታቸውን ጠየቁ።

«እማማ፣ እንዲያው ለእግዜር ብለው፣ ምን አድርገው ነው ያሠሩት?»

እማማ ቨርሊን ቢላቸውን እያበሱ ቀና አሉ።

«ሰዓቷን ሞላሁና እጄን ኪሴ ከተትኩ። አንተም ክተት።»