አፈር ላይ የተሣለው በሬ

(ከወገዳ ከተማ በሚመለሰው የጠጠር መንገድ። ዋሴና ፍሬው፣ ሁለት ጎረቤታሞች ገበሬዎች፣ የጎጣቸው ሰው ወክሎ ከላካቸው ረጅም ስብሰባ እየተመለሱ ነው። ዋሴ ከፊት፣ ፍሬው በትሩን እየጎተተ ከኋላ።)

ዋሴ፦ አሳፈርኸኝ! ሁለተኛ ካንተ ጋር ስብሰባ አልቀመጥም።

ፍሬው፦ ምን አደረግሁ?

ዋሴ፦ ምን አደረግሁ ይላል እንዴ! ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ፣ አንተ አቀርቅረህ በበትርህ ጫፍ አፈሩን ስትሞነጫጭር ዋልህ። ዶሮ እንኳ እንዲያ አትጭርም!

ፍሬው፦ በሬ ነው የሣልሁት።

ዋሴ፦ በሬ!

ፍሬው፦ ሻኛው ትንሽ አጋደለብኝ እንጂ ደኅና በሬ ነው።

ዋሴ፦ ሰው የላከን የተባለውን ይዘን እንድንመጣ ነው ወይስ በሬ እንድትሥል?

ፍሬው፦ በሬውንስ ይዤው አልመጣሁም፤ እዚያው ቀረ።

ዋሴ፦ ሆሆ! እኔን አላየህም? ቀጥ ብዬ፣ ዐይኔን ሳልነቅል፣ በየንግግሩ «ልክ ነው» እያልሁ ራሴን ስነቀንቅ! ሰብሳቢው እንኳ እኔን እያየ ነበር የሚናገረው።

ፍሬው፦ እሱስ አዎ። በጣም ነው የወደደህ።

ዋሴ፦ ደሞ መሐል ላይ በክርንህ ጎሸም ታደርገኛለህ!

ፍሬው፦ እሱማ የጎሸምሁህ...

ዋሴ፦ ተወው! የሚያዳምጥ ሰው አይረበሽም።

(ጥቂት ይሄዳሉ።)

ፍሬው፦ ማታ ለሰዉ የምትናገረው አንተ ነህ?

ዋሴ፦ ታዲያ በሬ ሣዩ ሊናገር ነው?

ፍሬው፦ እንግዲያው እስቲ ለእኔ ጀምርልኝ።

ዋሴ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) መጀመሪያ ሰብሳቢው «እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ።

ፍሬው፦ ብሏል።

ዋሴ፦ ከዚያ ስለ ከብት ጤና በሰፊው ተነገረ።

ፍሬው፦ ምን ተብሎ?

ዋሴ፦ በሰፊው ነው የምልህ! የከብት ጤና... መጠበቅ እንዳለበት።

ፍሬው፦ ክትባቱስ?

ዋሴ፦ ክትባት አለ እንዴ? (ቶሎ ብሎ) አለ እንጂ! ልፈትንህ ብዬ ነው። መቼ ነው?

ፍሬው፦ ነገ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ። የአባ ሰንጋ ክትባት ነው። ያመመው ከብት ለብቻ ይታሰር፣ ሐኪሙ ከሰዓት ወደ ሌላ ጎጥ ስለሚሻገር የዘገየ አይከተብለትም ብለዋል።

ዋሴ፦ (ቆሞ) ይህን ሁሉ መቼ ሰማህ?

ፍሬው፦ ቀኑን ሲናገሩ ቀንዱን እየሣልሁ ነበር። «ያመመው ለብቻ» ሲሉ ሻኛው ላይ ደርሻለሁ። የበሬዬ የቡሬ ሳል ትዝ ብሎኝ እጄ ሸተት አለ፤ ያጋደለው ለዚያ ነው።

ዋሴ፦ ምልክት እያደረግህበት ነበራ! ና እንመለስ፤ ሰው ሳይረግጠው በሬውን አይተን የቀረውን እንልቀም!

ፍሬው፦ ምን አለበትና? በሬ ብቻ ነው። እጄ ሥራ ከፈታ ሐሳቤ ብድግ ብሎ እርሻ ይወርዳል። እጄ ሲሞነጫጭር ግን ጆሮዬ ከቦታው አይነቃነቅም። ያንተ ሐሳብ የት ነበር?

ዋሴ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አውድማዬ ላይ። ትናንት ከሚስቴ ከየትናየት ጋር በእበት ለቅልቀነው፣ እንዴት እንዳማረ ብታየው! ወገቧን አሟት ነው ያደረችው። ነገ ገብሴን ልወቃበት ነው።

ፍሬው፦ አዬ...

ዋሴ፦ ምን «አዬ» ትላለህ?

ፍሬው፦ ከብቱ የት እንደሚሰበሰብ አልጠየቅኸኝም።

ዋሴ፦ የት ነው?

ፍሬው፦ ሰብሳቢው «ሰፊ ቦታ የት አለ?» ሲል አንዱ «የዋሴ አውድማ» አለ። ወደ አንተ ዞሮ «ትፈቅዳለህ?» አለህ። ራስህን ነቀነቅህ።

ዋሴ፦ እኔ?

ፍሬው፦ ደጋግመህ። ሰው አጨበጨበልህ፤ አንተም አብረህ አጨበጨብህ።

ዋሴ፦ (ራሱን በሁለት እጁ ይዞ) የጎጡ ከብት በሙሉ! ትናንት በለቀለቅሁት ላይ! የትናየትን ምን ብዬ ነው የማያት? አንተስ፣ እያየህ፣ ምናለ ብትነግረኝ?

ፍሬው፦ በክርኔ ጎሸም አደረግሁህ እኮ። «አትረብሸኝ፣ እያዳመጥሁ ነው» አልኸኝ።