የጨው ዘንዶ እስኪመጣ

በመሥሪያ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤት ካርታ በሚሰጥበት ክፍል፣ ሥራ እንደወትሮው ቀጥሏል። የተለወጠ ነገር ቢኖር የአገልግሎት ሰሌዳው ብቻ ነው። ቀድሞ «ምትክ ካርታ፦ በአምስት ቀን» ይል ነበር። ይህ ማንንም ስላላሳመነ ተፍቆ፣ በቦታው «የጨው ዘንዶ ሊመጣ 61 ቀን ቀረው» የሚል ተጽፏል። ቁጥሩን በየጠዋቱ የምቀይረው እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደመሆኔ የቀን ስህተት አልወድም።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ የጨው ዘንዶ ባለ አምስት ቅጽ ልብ ወለድ ነው። ባሕሩን ጠጥቶ የጨረሰ ዘንዶ አለ፤ ውሃውን ልታስመልስ የተነሳች የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ አለች። ሁላችንም አንብበነዋል፤ በሥራ ሰዓት። አሁን ፊልም ሊሆን ነው! ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ደረጃ ያደግሁ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ኃላፊያችን መዋቅር የሌለው ደስታ ብክነት ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ወዲያው «የጉጉት አስተባባሪ ኮሚቴ» አቋቋሙ። ሰብሳቢ ራሳቸው፣ አባል ማህተም ያዥዋ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። የመጀመሪያው አጀንዳ የፊልሙ ማስተዋወቂያ ቅንጭብ ነበር። ቅንጭቡ አርባ ስምንት ሰከንድ ነው። ሠላሳ አንደኛው ሰከንድ ላይ የዘንዶው ጅራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

«ሰማያዊ ነው» አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸው ልውጥ ብሎ። «መጽሐፉ አረንጓዴ ይላል። ይሄ ዝም የሚባል ነገር ነው?»

«ጋሼ፣ ብርሃኑ ይሆናል» አለች ማህተም ያዥዋ።

«ብርሃን? ሁለተኛውን ቅጽ አንብበሻል?»

«ሦስቴ!»

«ሦስቴ ያነበበ ሰው ብርሃን ነው አይለኝም!»

ነገሩ ስለከረረ የጅራት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ እኛው ሦስታችን ነን። ንዑስ ኮሚቴውን ባለጉዳይ እንዳይረብሸው መስኮቱ ተዘጋ፤ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚለው ወረቀትም ተለጠፈ። ይህ ወረቀት ለዓመታት ሲለጠፍ ኖሯል። እውነት ሆኖ ሲለጠፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ በዚህም ኮርተናል።

ከመስኮቱ ውጭ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት እማማ አሉ። የቤታቸው ጣራ ያፈሳል። ጣራውን ለማደስ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ ለፈቃዱ ካርታ ያስፈልጋል፣ ካርታው ደግሞ ጠፍቷል። ምትኩን ከእኛ ከጠየቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀረው አንድ ፊርማና አንድ ማህተም ብቻ ነው። «ክረምቱ ሳይገባ ድረሱልኝ» ይሉናል። የትኛው ክረምት እንደሆነ ግን በየዓመቱ ይለዋውጡብናል።

ሰሌዳው ላይ 9 በጻፍኩበት ጠዋት መርዶው መጣ። የፊልሙ አዘጋጆች፣ ለጥራት ሲባል፣ የሚታይበትን ቀን በሦስት ሳምንት ማራዘማቸውን አስታወቁ።

ኃላፊው የፋይል ክምር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ማህተም ያዥዋ መሀረብ አወጣች። እኔ 9ኙን ፍቄ 30 ስጽፍ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።

«ሦስት ሳምንት!» አሉ ኃላፊው። «ሰው እንዴት አድርጎ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል? ሰው እኮ ነን!»

ማህተም ያዥዋ ድንገት ቀና አለች። «ጋሼ፣ እማማ አሉ አይደል? እሳቸው ያውቁበታል።»

ለካ ባለሙያው ደጃችን ላይ ኖሯል። መስኮቱን ከፍተን ጠራናቸው፤ ወደ ውስጥ አስገብተን ወንበር ሰጠናቸው። ግድግዳው ላይ «የመጠበቅ አቅም ግንባታ ሥልጠና» ብለን ለጠፍን። እማማ ካርታቸው የደረሰ መስሏቸው መረቁን። ሥልጠና መሆኑን ስንነግራቸው ግን፣ ጨዋ ሰው ናቸውና፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ቀን አትቁጠሩ። ነገ ሲሏችሁ እሺ በሉ እንጂ አትመኑ። ስንቅ ያዙ። የምትቀመጡበትንም ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ደጅ ላይ ወንበር የለም።»

«ተስፋ የቆረጡበት ጊዜ የለም?» አልኳቸው፣ ብዕሬን አዘጋጅቼ።

«አለ እንጂ ልጄ። መስኮቱ ዝግ ሲሆን ተስፋ አለኝ። ሲከፈት ነው የምቆርጠው።»

አጨበጨብን። ከዚያ በፊት ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሳልተኛ የጨረስኩት ይህን ብቻ ነው።

የኃላፊው ንዴት ግን አልበረደም። ለፊልሙ አዘጋጆች ተቃውሞ ካልጻፍን ሞቼ እገኛለሁ አሉ። ቆመው እየተንጎራደዱ ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ፦

«ሰውን ቀን ቆርጦ ቀጥሮ በቀኑ አለመገኘት ክብሩን መርገጥ ነው። እኛ እንጨት አይደለንም። የሚጠብቅ ሰው ቤት አለው፣ ሐሳብ አለው፣ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜ ደግሞ አንዴ ካለፈ ምትክ አይወጣለትም። ስለሆነም በአስቸኳይ ምላሽ እንድትሰጡን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ደብዳቤው በአራት ደቂቃ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት በኢሜይል ተላከ። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ፍጥነት ታይቶ አያውቅም። ማህተም ያዥዋማ ከስሜቷ ብዛት ሦስት ቦታ ነው የመታችው።

ከምሳ በኋላ መልስ መጣ። አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጥፋቱ የእነሱ መሆኑን አምነዋል፤ ጥያቄ ካለን የምንደውልበትን ሰው ስምና ስልክ ሳይቀር ጽፈዋል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜ በጥርጣሬ አዩት።

«በግማሽ ቀን?» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም ማለት ነው።»

እማማ አልሄዱም ነበር። ተነሱ ያላቸው ስላልነበረ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«ልጄ፣ የላካችሁትን እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «ዕድሜ ደግሞ» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የጻፍኩት ነገር ሰው ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅምና ያንኑ ቦታ ደግሜ አነበብኩላቸው።

«አንጀቴን ነው ያገኘው» አሉ። «የእኔን ነገር አንድ ሳታስቀሩ ነው የጻፋችሁት። ደግሞም ይሠራል፤ ይኸው በግማሽ ቀን መለሱላችሁ። እባካችሁ ለእኔም አንድ ግልባጭ ስጡኝ፤ ስሜን ብቻ አስገቡበት።»

«በደስታ!» አሉ ኃላፊው፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ለማን ተብሎ ይጻፍ?»

«ለእናንተ።»

ማህተም ያዥዋ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመረች። ኃላፊው ግን የባለጉዳይን መብት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ግልባጩን ጻፍኩ፣ እማማም ፈረሙ። በክብር ተቀበልናቸው፤ «ገቢ» የሚል ማህተም መታንበት፣ ቁጥርም ሰጠነው። ከዚያም ኃላፊው የእማማን ክንድ ይዘው እስከ በሩ ሸኟቸውና፣ ጉዳያቸው ለኮሚቴ እንደሚቀርብ፣ ኮሚቴው ግን ፊልሙን ሳያይ ሌላ አጀንዳ እንደማይዝ በትሕትና አስረዷቸው።