የጋሽ ጆሮ ዝምታ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሌላው የማይሰማውን የሚሰማ ሰው አይጠፋም። የእናንተም ቢሮ ውስጥ አለ፤ አታስተባብሉ። እናንተ ሻይ ፉት እያላችሁ ስታወሩ እሱ ጣቱን ቀስሮ «እስቲ አንዴ! ይሄ ምንድነው?» ይላል። ሁላችሁም ፀጥ ትላላችሁ። ምንም የለም። እሱ ግን ሁለት ፎቅ ወርዶ፣ አንድ በር ከፍቶ፣ ሰው ረስቶት የሄደውን ማራገቢያ አጥፍቶ ይመለሳል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ቀን መዋል ያስደንቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዋል ግን፣ በተለይ የእሱ ምክትል ሆኖ፣ ጨጓራ ይልጣል።

የኛ ምክትል ጨጓራው ከተላጠ ቆይቷል።

አለቃው ጋሽ ጆሮ የሬዲዮ ጣቢያው ዋና የድምፅ ባለሙያ ነበሩ። የጆሮዎች ሁሉ አለቃ፣ የማይኮች አባት፣ የፀጥታ ባለሙሉ ሥልጣን! ይህን ሁሉ ማዕረግ በሆዱ የሰጣቸው ምክትሉ ነው፤ ሲሰጥም ጥርሱን ነክሶ ነው። እሱም የድምፅ ባለሙያ ነው። ሃምሳ ዓመቱን ደፍኗል፣ ሁለት ልጅ ድሯል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል። ጋሽ ጆሮ ግን እስከ መጨረሻው «ልጁ» ነበር የሚሉት። «ልጁ የታለ? ገመዱን ይጠቅልልልኝ።» ልጁ ወገቡን ይዞ ይጠቀልላል።

አንድ ጊዜ አንድ ሚኒስትር ለቃለ መጠይቅ መጡ። ጋሽ ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥተው፣ «ክቡር ሚኒስትር፣ ሰዓትዎን ያውልቁልኝ፤ ከእርስዎ በላይ እሱ እያወራ ነው» አሏቸው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደርቆ ቀረ። ሚኒስትሩ ግን ሳቁ፣ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሲወጡም «አገር የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው። በወሩ ምክትሉ አንድ የባንክ ኃላፊን «ወንበሩን ባያንቋቁት» አላቸው፤ በትሕትና ነው ያላቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። አንጀቱ ቅጥል አለ።

ቤቱ ቢገባም አላረፈም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ጆሮ ሲደውሉ ስልኩን ሚስቱ አነሳች። «ደህና አደርሽ? ልጁ አለ? በነገራችን ላይ፣ የኩሽናሽ ቧንቧ ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል፤ ይንጠባጠባል።» ሄዳ አየች። ይንጠባጠባል።

«አንተ ሰው! ይሄ ሦስት ወር ሙሉ ሲንጠባጠብ የት ነበርክ? የድምፅ ባለሙያ ነኝ ትላለህ ደግሞ!»

«የሬዲዮ ነኝ እንጂ የቧንቧ ነኝ አልኩ እንዴ?»

«ሰውዬው በስልክ ሰምቶታል እኮ! በስልክ!»

ምክትሉ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። ቧንቧውን ግን ጠገነ።

ትልቁ የጋሽ ጆሮ እብደት ዝምታ መሰብሰብ ነበር። ቃለ መጠይቁ አልቆ እንግዳው ሊነሳ ሲል ጣታቸው ትቀሰራለች። «እስቲ አንዴ! እናንተ ተናገራችሁ፤ አሁን ደግሞ ክፍሉ ይናገር።» አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም ባለበት ይደርቅና እሳቸው የክፍሉን ዝምታ ይቀዳሉ። ጥቅም የለውም አይባልም። ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል መሀሉ ባዶ ከሆነ ጆሮ ይደነብራል፤ የዚያው ክፍል ዝምታ ከገባበት ግን ስፌቱ አይታወቅም። ሌላው ባለሙያ ግን ዐሥር ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከተጠቀመበት በኋላም ይጥለዋል። እሳቸው ካሴት ላይ ገልብጠው፣ በእጃቸው ጽፈው፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡታል። ደግሞ ይቺን ስሙ፦ ሌላውን ሰው «አትተንፍስ» የሚሉት ሰውዬ ራሳቸው ሲቀዱ አፍንጫቸው ያፏጫል! ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት። አገሩን በሙሉ የሚሰሙት ጆሮዎች የገዛ አፍንጫቸውን አይሰሙም። ምክትሉ ይህን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያውቃል፤ እንደ ሀብት ይዞት ኖረ እንጂ ለማንም አልተነፈሰም። እጁን አጣጥፎ ደቂቃዋ እስክታልቅ ይጠብቃል፤ መጨረሻው ላይ ሳያስበው «እህህ…» ብሎ በረጅሙ ይተነፍሳል። ጋሽ ጆሮ ቀና ብለው አይተውት ፈገግ ይላሉ። ያቺ ፈገግታ ደግሞ ትብስበታለች።

ሰው በሹመት ይቀናል፣ በሰርግ ይቀናል፣ በጎረቤቱ መኪና ይቀናል። በአገር ሐዘን የቀና ግን ከምክትሉ በቀር ሰምቼ አላውቅም። አገር ላይ መዓት በመጣ ቁጥር ሥራ አስኪያጇ ከቢሮዋ ብቅ ብላ «ጋሽ ጆሮን ጥሩልኝ!» ነው የምትለው። ትልቁ ገበያ የተቃጠለ ጊዜም ያው ነው፤ ምክትሉ ገመድ ተሸክሞ ተከተለ። ልጇ እሳቱ ውስጥ የቀረባት እናት «ከቤት ስንት ሰዓት ወጣ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ከመመለሷ በፊት አራት ሰከንድ ዝም ብላ ነበር። ጋዜጠኛው «እሱን ቁረጡት» አለ። ጋሽ ጆሮ እምቢ አሉ። «ልጇ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ማን ቆርጦ ይጥለዋል?»

በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ዝምታ ሆነ። ምክትሉም አልቅሷል፤ ታክሲ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ። እንባውን ከጠረገ በኋላ ግን ያሰበው «የሚቀጥለውን እኔ እሠራዋለሁ» የሚል ነው። የሚቀጥለውን! የሚቀጥለውን የአገር መከራ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ራሱን ታዘበ፣ አፈረም። ወረፋውን ግን አልለቀቀም።

ጋሽ ጆሮ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ልባቸው ቆመ። ምክትሉ ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጇ አራት መስመር የሐዘን መግለጫ አጻፈች፤ ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ዜና ሊነበብ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሐይቁ ላይ የመንገደኛ ጀልባ ተገለበጠች፤ ሰማንያ ሦስት ሰው አለቀ። አራቱ መስመሮች ከዜናው ተሰረዙ። የጣቢያው ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር ስለነበረ ከሰዓት በኋላ ቀብራቸው ላይ የቆመው ምክትሉ ብቻ ነው። ረቡዕም ቦታ አልተገኘም። ሐሙስም እንደዚያው።

ባለቤታቸው ሐሙስ ደወሉለት። «ዛሬም አልተነገረም አይደል ልጄ? ይሁን። ሰማንያ ሦስት ቤት ሲያለቅስ የኔ አንድ ቤት ምን ይላል?»

 ስልኩን እንዳስቀመጠ ሥራ አስኪያጇ ጠራችው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ በመላ አገሪቱ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል፤ ሌሎች ጣቢያዎች ሁሉ የሚቀበሉት ከእነሱ ጣቢያ ነው። «የምትሠራው አንተ ነህ» አለችው። ደስ አለው? ምን ይደበቃል፣ ደስ አለው።

አንድ ደቂቃ ዝም ለማለት ምን ባለሙያ ያስፈልጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። የሬዲዮን አመል ስለማታውቁ ነው። ተራራው ላይ፣ ማሠራጫው ጋ፣ አንድ ማሽን አለ። ሃያ ሰከንድ ድምፅ ካጣ «ጣቢያው ተበላሽቷል» ብሎ በገዛ ሥልጣኑ የመጠባበቂያ ዘፈን ይለቃል። ዘፈኑ ደግሞ የጭፈራ ነው። የማዕድን ጉድጓዱ ተንዶ ሠራተኞቹ ያለቁ ጊዜ፣ ሕዝብ ቆሞ አንገቱን እንደደፋ ማሽኑ ጭፈራውን ለቀቀው። የያኔው ሥራ አስኪያጅ በሳምንቱ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ጆሮ ለሕሊና ጸሎት የሚልኩት ባዶ አየር ሳይሆን የተቀዳ ዝምታ ነበር፤ ማሽኑ የክፍሉን ትንሽ ድምፅ ይሰማና ይተኛል። ማሽኑን ማጥፋትማ ይቻላል፤ የሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ሦስት ፊርማ ያለው ደብዳቤ ይፈልጋል፣ አንደኛው ፈራሚ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው።

መሳቢያው እዚያው ነበር። ምክትሉ ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ። አገር የሚሰማው የእሱን ዝምታ ነው። ዓርብ ጠዋት የግድግዳውን ሰዓት አወረደ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ትንፋሹን እየያዘ ቀዳ። ከዚያ በኮምፒውተር አጠበው፣ እንደገና አጠበው። ጠብታ ድምፅ የሌለበት፣ የጠራ ዝምታ! ጋሽ ጆሮ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ዝምታ ቀድተው አያውቁም። አምስት ሰዓት ላይ፣ ለሙከራ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ተመሳሳይ ማሽን ስላለ፣ በሱ ላይ ሞከረው። ዐሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፤ ጭፈራው ለቀቀ።

ከመጠን በላይ ጸድቶ ነው። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ እንደ መጥበሻ ተንጨረጨረ። ዝቅ አደረገው፤ ጭፈራው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ላቡ በጀርባው ይወርድ ጀመር። ሄዶ ከጋሽ ጆሮ ጠረጴዛ ቁልፉን አንስቶ መሳቢያውን ከፈተው።

ካሴቶቹ በተርታ ቆመዋል። «የገበያው ቃጠሎ። የእናትየው ቤት።» እሱን አልነካውም፤ የሷ ነው። «የማዕድኑ ሰፈር፣ የሚስቶቹ አዳራሽ።» እሱንም አለፈው። ከሁሉም ጥግ አንዲት ካሴት አለች፦ «ስቱዲዮ አንድ። እኔና ልጁ።» ቀኑ ባለፈው ዓመት፣ ምንም ያልሆነበት አንድ ተራ ሐሙስ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከፈታት። ክፍሉ ተሰማ። ከዚያ ፉጨቱ፤ ያ ቀጭን የአፍንጫ ፉጨት፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። ምክትሉ ከንፈሩን ነከሰ። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በረጅሙ «እህህ…» አለ። አፈር ልብላ! የራሱ ነው።

ፉጨቱን ለማጥፋት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ትንፋሹን ለመቁረጥ አንድ ደቂቃ። ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። «ማን ቆርጦ ይጥለዋል?» የሚለው ነገር ትዝ አለውና ጣቱን አነሳ።

ስድስት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ያሉ መኪኖች ቆሙ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ተነሣ፣ አገር አንገቱን ደፋ። ከየሬዲዮው የጋሽ ጆሮ አፍንጫ በቀስታ ያፏጫል። ሃያ ሰከንድ አለፈ፤ ማሽኑ አልተነቃነቀም። አርባ። ሃምሳ አራተኛው ላይ «እህህ…»። አበቃ። ለሰማንያ ሦስት ሰው በተያዘው ደቂቃ አንድ ሰው ተደርቦ መሸኘቱን ከራሱ ሌላ ያወቀ ሰው ያለ ምክትሉን አልመሰለውም።

ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። «የጋሽ ጆሮ ካሴት ነው አይደል? ሰው ሁሉ የሚደውለው መጨረሻ ላይ ስላለችው ትንፋሽ ነው። አንድ አዛውንት ‹የአገሩን ሁሉ ተነፈሰልን› ብለው አለቀሱብኝ። እሳቸው እኮ ሞተውም ያስለቅሳሉ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አገር በእሱ ድምፅ ያለቀሰው ዛሬ ገና ነው፤ እሱንም ለጋሽ ጆሮ ሰጡት። «የኔ ነው!» ሊል አፉን ከፈተ። አንጀቱ እንደ ልማዱ ቅጥል አለ።

«አዎ» አለ። «የሳቸው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ያፏጨው እሱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝን ፉጨት መቼም አልስተውም። አገር ቆሞ ሰማው! ከአራት መስመር ይሻላል። መጨረሻ ላይ የተነፈሰው ግን አንተ ነህ።»

«በምን አወቁ፣ እትዬ?»

«ይነግረኝ ነበራ! ‹ልጁ ሲቀናብኝ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ የማልሰማው ይመስለዋል› እያለ ይስቃል። ‹ታዲያ አትቆጣውም?› ስለው፣ ‹ለምን ብዬ? ሥራውን የማይወድ ሰው አይቀናም። እኔ የምፈራው ያቺ ትንፋሽ የቀረች ቀን ነው› ይለኝ ነበር።»

ምክትሉ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ስቱዲዮ አንድ ገባና በሩን ዘጋ። ማንም በሌለበት ጣቱን ቀስሮ «እስቲ አንዴ!» አለና አንድ ደቂቃ ቀዳ። መልሶ ሲያዳምጠው የሚያፏጭ አልነበረም። ወደ መጨረሻው ላይ ብቻ አንድ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። ካሴት ላይ ገለበጠው፣ ከዚያችኛዋ አጠገብ አቆመው፣ እስክሪብቶ ፈልጎም ጻፈበት፦ «ስቱዲዮ አንድ። ልጁ ብቻውን።»