በመስኮት የታየ ጥርስ

የጥርስ ሐኪም ስለ ኮሮና ብዙ ማወቁ ለበሽተኛ የሚበጅ ይመስላችኋል? የወረታውን ሐኪማችንን ባያችሁት! ያን ሰሞን ስለ ቫይረሱ ከማወቁ ብዛት፣ የሰው አፍ ሲከፈት ርብ ወንዝ ሞልቶ የመጣበት ያህል ይሸሽ ነበር።

እኔ ደግሞ በነጋታው ልጄን ልድር፣ ጉንጬ እንደ ቅል አብጦ ሄድኩ። ሐኪሙ በሩን ቆልፎ በመስኮት ብቅ አለ፤ ሁለት ማስክ፣ መነጽር፣ በላዩ የዝናብ ልብስ።

«ጋሼ፣ እዚያው መንገዱ ላይ ሆነው አፍዎን ወደ ፀሐይ ይክፈቱ!»

ከፈትኩ። የገበያ ቀን ነበርና ሰው ከበበኝ። አንድ የከብት ነጋዴ አንገቱን አስግጎ ጥርሴን መረመረና፣

«ይሄማ አርጅቷል፤ ለእርሻ አይሆንም!» አለ።

መንገዱ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ አፋችሁን ዝጉ! ተራራቁ!» ሐኪሙ ጮኸ፤ እነሱ ባሰባቸው። አርባ አፍ ተበልቅጦ መስኮቱ ሥር ሲስቅ ቢያይ፣ ሮጦ በሩን ከፈተልኝ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ! ከዚህ ሁሉ አፍ የእርስዎ አንዱ ይሻለኛል!»

የፈራ ሐኪም እንዴት እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ? «ይክፈቱ» ካለኝ ጀምሮ ጥርሴን ነቅሎ «ይዝጉ» እስኪለኝ አንዴም አልተነፈሰም። በነጋታው ልጄን በገዛ ጉንጬ ዳርኩ።