ከሰማይ የታየው የአቡ ጆርጅ ኩርፊያ

እኛ ሰዎች ከላይ ሆኖ ለሚያይ ነገር ያለን አክብሮት አይጣል ነው። ሳተላይት አየው ከተባለ አለቀ፣ ደቀቀ! እኔ ግን ሰባት ዓመት ሊባኖስ፣ አንጠልያስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሰው ቤት ስሠራ የተማርኩት፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት ለባሕር ጠረፍ ጥበቃም እንደሚሠራ ነው። ሳቃችሁ? ስሙኝማ።

የማዳሜ ባል ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ዛሬም ሳተላይት ያነሳውን የባሕር ፎቶ ቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ እየመረመረ፣ የትኛው መርከብ መጣ፣ የትኛው መለያ ምልክቱን አጥፍቶ ተደበቀ እያለ ለጠረፍ ጠባቂዎቹ ያሳውቃል። አንድ ሰሞን ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ጥቁር ነጥብ መቆሚያ መቀመጫ ነሳችው። ምልክት አታስተላልፍ፣ አትሄድ፣ አትመጣ።

«ኮንትሮባንድ ነው!» ብሎ ስልኩን አነሳ። «ታጥቃችሁ ውጡ!»

ሻይ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጥቧ ያለችው ከበረንዳችን ፊት ለፊት ነው፤ ልብስ ሳሰጣ በየቀኑ አያታለሁ። ዓሣ የምንገዛው የሽማግሌው የአቡ ጆርጅ ጀልባ ናት! ከሚስቱ ተጣልቶ፣ «ካንቺ ጋር ከምኖር ከዓሣ ጋር ልኑር» ብሎ ባሕር መግባቱን ከማዳሜና ከባሏ በቀር ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ደግሞ ጆሮው አይሰማም። «ቁም!» ሲሉት ባይቆምስ?

ግን ያንን ስክሪን ማየት ለእኔ ክልክል ነው። ብናገር እንጀራዬ ይቋረጣል፣ ዝም ብል የሰው ነፍስ ይጠፋል።

«ሚስተር፣ ያኒ... ማለቴ፣ አቡ ጆርጅ እኮ ነው። ሚስቱን አኩርፎ ነው።»

«ስክሪኔን ታያለሽ?!» ጮኸብኝ።

«ኧረ እኔ ባሕሩን ነው የማየው!»

የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ለጠባቂዎቹ ደውሎም የአቡ ጆርጅን ሚስት ይዘው እንዲሄዱ ነገራቸው።

ከዚያማ በረንዳ ላይ ተደርድረን አየን። አቡ ጆርጅ የታጠቁትን ወታደሮች ሲያይ እጁን አውለበለበላቸው። ሚስቱ ከመሃላቸው ብድግ ስትል ግን ሞተሩን አስነስቶ እግሬ አውጪኝ አለ! ጠባቂዎቹ እየሳቁ ደረሱበት፤ እሷም ጀልባው ላይ ዘላ ወጣች። አብረው ተመለሱ፤ እሷ እየተሳደበች፣ እሱ የማይሰማ ጆሮውን እያመሰገነ።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሪፖርት ሊጽፍ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«የመረጃው ምንጭ ማን ነው ልበል? ስምሽን ላስገባው?»

«ሳተላይት ነው ይበሉ» አልኩት። «የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ የሚፈቅደው ቤት መጥረግ ብቻ ነው።»